«ካልሆነ በስተቀር»፦ ከአሜሪካ እስር ቤቶች የወጡ ሰዎች ስለ ግዳጅ ሥራ የሚያነሱት ጥያቄ

በኦክቶበር 2024 ማለቂያ ላይ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላስ ቬጋስ የሚኖሩት አክስቴ በፖስታ የመጣላቸውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ይዘው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገው ከፕሬዚዳንቱ ጀምረው አንድ በአንድ ሲሞሉ ቆዩና አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ከኔቫዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ ባርነትንና ያለ ፈቃድ ማገልገልን ለወንጀል ቅጣትነት የሚፈቅደው ቃል ይውጣ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። አክስቴ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። «ባርነት ድሮ አልቀረም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እዚሁ አገር ተወልደው ያደጉ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎችም ያንኑ ወረቀት ይዘው በዚያው ቦታ ቆመዋል። ትምህርት ቤት የሚነገረው ነገሩ በ1865 እንዳለቀና እንደተዘጋ ነው። ሳይዘጋ የቀረውን በር እየጠቆሙ ለሕዝብ ያሳዩት በአብዛኛው ራሳቸው ታስረው የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔም ለአክስቴ ላስረዳቸው ስል ነው ጉዳዩን በቅጡ ማንበብ የጀመርኩት።

ከሕጉ እንጀምር። በዲሴምበር 1865 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛ ማሻሻያ ባርነትም ሆነ ያለ ፈቃድ ማገልገል በአገሪቱ ውስጥ እንዳይኖር ይከለክላል። መሐል ላይ ግን አንድ ሐረግ አለ፤ ሰውየው በአግባቡ ተፈርዶበት ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ይላል። ሐረጉ በዚያ ዓመት የተፈጠረ አልነበረም። በ1787 የሰሜን ምዕራብ ግዛቶችን ለማስተዳደር ከወጣው ድንጋጌ የተወሰደ ነው፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶችም በየራሳቸው ሕገ መንግሥት ውስጥ ተመሳሳዩን ጽፈዋል። ሕግ የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው የአንድ ድንጋጌ ክብደት ብዙ ጊዜ «በስተቀር» ከምትለው ቃል በኋላ ባለው ላይ ነው።

የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ቃሏን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ወዲያው በ1865 እና በ1866 ነጻ በወጡት ጥቁሮች ላይ ያነጣጠሩ ሕጎች አወጡ። ሚሲሲፒ ውስጥ ሥራ እንዳለው በማስረጃ ማሳየት ያልቻለ ጥቁር «ቦዘኔ» ተብሎ ይያዛል፤ መቀጫ ይጣልበታል፤ መቀጫውን መክፈል ካልቻለ ለሚከፍልለት ሰው ተላልፎ ይሰጥና ዕዳውን በጉልበቱ ይከፍላል። ትናንት ከእርሻው ነጻ የወጣ ሰው ነገ በፍርድ ቤት ወረቀት ወደ እርሻው ይመለሳል ማለት ነው። ከዚያ እስረኛን ማከራየት መጣ። መንግሥት እስረኞቹን ለከሰል ማዕድን፣ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ በነፍስ ወከፍ ያከራይና ኪራዩን ወደ ካዝናው ያስገባል። አላባማ ውስጥ በ1898 ከክፍለ ግዛቱ ገቢ 73 በመቶ ያህሉ ከእስረኛ ኪራይ የመጣ ነበር። ባሪያ የገዛ ሰው ቢያንስ ያወጣው ገንዘብ እንዳይጠፋበት ያስባል፤ የተከራየ ሰው ግን ያም የለበትም፤ አንዱ ቢሞት ሌላ ይላክለታል። በ1911 አላባማ ባነር በሚባለው የከሰል ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 128 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ የተከራዩ ጥቁር እስረኞች ነበሩ። አላባማ ይህን ንግድ ያቆመችው ከአደጋው 17 ዓመት በኋላ፣ በ1928 ነው፤ ከሁሉም የመጨረሻዋ ሆና።

እንዲህ ያለው ታሪክ ሩቅ ይመስላል፤ ግን አፈሩ ገና አልደረቀም። በ2018 ሂዩስተን አጠገብ ባለችው ሹገር ላንድ ከተማ ትምህርት ቤት ለመሥራት መሬት ሲቆፈር የ95 ሰዎች አጽም ወጣ። 94ቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት፤ ትንሹ 14 ዓመት ገደማ፣ ትልቁ 70 ገደማ። ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የተከራዩ ጥቁር እስረኞች ነበሩ። እዚያ አካባቢ መቃብር እንዳለ ለብዙ ዓመታት ሲናገር የኖረው ሬጂናልድ ሙር የሚባል ሰው ነው፤ እሱ እስረኛ ሳይሆን በቴክሳስ እስር ቤት ዋርድያ የነበረ ነው። አጽሙ እስኪወጣ ድረስ የሰማው ጥቂት ነበር። ከተማዋ ዛሬም ስሟ «የስኳር ምድር» ነው።

ፍርድ ቤቶችም ዝም አላሉም፤ ያሉት ግን እስረኛውን የሚረዳ አልነበረም። በ1871 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራፊን በሚባል እስረኛ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ ዘመን የመንግሥት ባሪያ ነው ብሎ በግልጽ ቃል ጻፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ቃል የሚጽፍ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ቀጠለ። በ1938 የወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እስር ቤት ውስጥ ለሚሠራ እስረኛ አይሠራም ብለው ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ወስነዋል። በ1977 ደግሞ የሰሜን ካሮላይና እስረኞች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሲሞክሩ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስር ቤቱ የማኅበሩን እንቅስቃሴ ሊያግድ ይችላል ሲል ፈረደ። እስረኛው ይሠራል፤ በሕግ ዓይን ግን ሠራተኛ አይደለም። ቀሪው ችግር ሁሉ ከዚህ የሚፈልቅ ነው፤ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፣ ማኅበር የለም፣ በአብዛኛው ለጉዳት ካሳ የለም፣ ለጡረታ የሚታሰብ ዘመን የለም።

ዛሬስ?

በ2022 የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረትና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በፌዴራልና በክፍለ ግዛት እስር ቤቶች ካሉት 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 800,000 ያህሉ ይሠራሉ። አማካይ ክፍያው በሰዓት ከ13 እስከ 52 ሳንቲም ነው። ሰባት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች፣ ማለትም አላባማ፣ አርካንሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ሚሲሲፒ፣ ሳውዝ ካሮላይናና ቴክሳስ፣ ለአብዛኛው ሥራ ምንም አይከፍሉም። ብዙ ሰው ስለ እስረኛ ጉልበት ሲሰማ የሚያስበው ስለ ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ነው። እነሱም አሉበት፤ ዋናው ተጠቃሚ ግን መንግሥት ራሱ ነው። ከአምስት ሠራተኛ እስረኞች አራቱ የሚሠሩት እስር ቤቱን ራሱን ለማንቀሳቀስ ነው፤ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ቧንቧ ይጠግናሉ። የሚሰጡት አገልግሎት ዋጋ በዓመት ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ጥናቱ ገምቷል።

የታክሲ ሥራ ለሚሠሩ ወገኖቻችን አንድ ቀላል ምሳሌ ልስጥ። የካሊፎርኒያ ታርጋ የሚሠራው ከ1947 ጀምሮ ፎልሰም እስር ቤት ውስጥ ነው። የኔቫዳውም ካርሰን ሲቲ ባለው እስር ቤት በእስረኞች እጅ ይታተማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የቢሮ ዕቃ ከእስረኞች ድርጅት እንዲገዙ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የኛ ልጆች የሚማሩበት ወንበርና የምናሽከረክረው መኪና ታርጋ ላይ የማናውቀው ሰው እጅ አርፏል።

ግዳጁ በጅራፍ አይደለም። እስረኛው አልሠራም ሲል የቅጣት ወረቀት ይጻፍበታል። የቅጣት ወረቀት ማለት ለመልካም ጠባይ ከእስር ዘመኑ ሊቀነስለት የነበረውን ጊዜ ማጣት ነው፤ ከቤተሰብ ጋር በስልክ መነጋገር መከልከል፣ ጠያቂ መከልከል፣ ከእስር ቤቱ ሱቅ ሳሙናና ምግብ እንዳይገዛ መታገድ፣ ሲከፋም ጨለማ ቤት መግባት ነው። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት እንደሚለው፣ ከተጠየቁት ሠራተኛ እስረኞች ከ76 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ካልሠሩ እንዲህ ያለ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው ተናግረዋል። በአመክሮ የሚወጣበት ቀን በሥራው ላይ ለተንጠለጠለ ሰው «ፈቃደኛ ነህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም።

ነገሩ በአንድ ቦታ ጎልቶ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ሉዊዚያና ውስጥ ያለውን አንጎላ የተባለ እስር ቤት ይመልከት። የሚሲሲፒ ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው 18,000 ኤከር መሬት ነው፤ ከኒው ዮርኩ ማንሃተን ደሴት ይሰፋል። ከእስር ቤትነቱ በፊት የጥጥ እርሻ ነበር፤ ስሙም ከአፍሪካ አገር የመጣ ነው፤ የእርሻው ባሮች የመጡበት ነው ከሚባለው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የደቡብ ጦር መኮንን የነበረ ሰው እስረኞችን እየተከራየ ያሠራበት ነበር፤ መንግሥት በ1901 ተረከበው። ዛሬ እዚያ ከታሰሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ጠዋት ተሰልፈው፣ መቆፈሪያ ይዘው ወደ እርሻው ይወጣሉ፤ መሣሪያ የያዘ ዋርድያ በፈረስ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አትክልት በእጅ ይለቅማሉ፣ አረም ይነቅላሉ። ክፍያው፣ ካለ፣ በሰዓት 2 ሳንቲም ነው። አንድ ዶላር ለማግኘት 50 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ለአክስቴ ስነግራቸው ደግሜ እንድናገር ጠየቁኝ፤ የተሳሳትኩ መስሏቸው።

ከዚህ እርሻ የወጡ ሰዎች ናቸው ዛሬ ነገሩን ፍርድ ቤት ያቀረቡት። ኖሪስ ሄንደርሰን 27 ዓመት አንጎላ ታስሮ በ2003 ተፈታ። እስር ቤት ውስጥ ሕግ ተምሮ የሌሎችን እስረኞች ይግባኝ ይጽፍ ነበር። በወጣ በዓመቱ በኒው ኦርሊንስ ቮት የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ስሙ መጀመሪያ «የቀድሞ ወንጀለኞች ድምፅ» እንደማለት ነበር፤ በኋላ «የልምድ ባለቤቶች ድምፅ» ወደሚል ተለወጠ። በ2018 ሉዊዚያና ውስጥ ለዳኝነት ከሕዝብ ተመርጠው የተቀመጡ ሰዎች (ጁሪ) በሙሉ ድምፅ ሳይስማሙ ሰው እንዲፈረድበት የሚፈቅደው፣ ከ1898 ጀምሮ የነበረው ሕግ በሕዝብ ድምፅ ሲሻር ዘመቻውን የመራው እሱ ነበር። በ2023 ደግሞ ድርጅቱ አሁን አንጎላ ካሉ እስረኞች ጋር ሆኖ የእርሻ ሥራው እንዲቆም ክስ መሠረተ። በጁላይ 2024 የፌዴራል ዳኛው ሥራውን ባያስቆሙም፣ በዚያ ንዳድ ለሚሠሩት ሰዎች ጥላ፣ ውኃና ዕረፍት እንዲሻሻል አዘዋል። ጥላና ውኃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ቀሪው ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት።

ለምን እነሱ?

የታሰረ ሰው ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል ነው፤ መልሱ እንዲህ ቀላል ነው። ከሜይን፣ ከቬርሞንትና ከዋሽንግተን ዲሲ በስተቀር በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ድምፅ አይሰጥም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከወጣ በኋላም ቶሎ አይሰጥም። ስለ ግዳጅ ሥራ በተደረጉት ሕዝበ ውሳኔዎች፣ ከቬርሞንት በቀር፣ ግዳጁን የሚሠሩት ሰዎች አልተጠየቁም። ፍሎሪዳ ውስጥ ራሱ ታስሮ የነበረው ዴዝመንድ ሚድ የመራው ዘመቻ በ2018 በ64 በመቶ ድምፅ አሸንፎ ለ1.4 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የመምረጥ መብት ሲያስመልስ፣ በዓመቱ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት መቀጫና የፍርድ ቤት ወጪያቸውን ከፍለው ያልጨረሱ ሰዎች አይመርጡም የሚል ሕግ አወጣ። ያለ ክፍያ ሲሠራ የኖረ ሰው ዕዳውን ከየት ይክፈል?

ትግሉ ደም የፈሰሰበት ነው። በሴፕቴምበር 1971 ኒው ዮርክ አቲካ እስር ቤት ከ1,200 በላይ እስረኞች ግቢውን ይዘው ዝርዝር ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ የኒው ዮርክ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ ለእስረኛም ይሥራና የባሪያ ጉልበት ይቁም የሚል ነበር። በአምስተኛው ቀን ታጣቂ ፖሊስ ገባ። በተኩሱ 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች ሞቱ፤ ሁሉንም የገደለው የመንግሥት ጥይት ነበር። ፍራንክ ስሚዝ የሚባል፣ በልብስ ማጠቢያው ይሠራ የነበረ እስረኛ፣ በዚያ ቀን ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው አገጩ ሥር ኳስ አስያዙትና ኳሷ ብትወድቅ እንገድልሃለን አሉት። ስሚዝ ከእስር ወጥቶ በጠበቃ ረዳትነት ሠርቶ፣ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ክሱን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ተከታተለ። በ2000 የኒው ዮርክ መንግሥት ለእስረኞቹ 8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እሱ በ2004 ሞተ። ከአቲካ ዝርዝር ውስጥ የደመወዙ ጥያቄ በ2018ቱ አገር አቀፍ የእስረኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ እንደገና ቀረበ፤ ሐሳቡ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል። በ2022 የአላባማ እስረኞች ሥራ ሲያቆሙም ምግብ የሚያበስል ጠፍቶ እስር ቤቶቹ ተቸግረው ነበር። እስር ቤቱ በማን ጉልበት እንደቆመ ያን ጊዜ ታየ።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ለቃል የሚሰጡት ክብደት ነው። ኤዲ ኤሊስ ከሃያ ዓመት በላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ታስሮ የወጣ ሰው ነበር። ገና ግሪን ሄቨን እስር ቤት ሳለ ከሌሎች እስረኞች ጋር ባደረገው ጥናት፣ ከክፍለ ግዛቱ እስረኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ ከኒው ዮርክ ከተማ ሰባት ሰፈሮች ብቻ እንደመጡ አሳየ። ከወጣ በኋላ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ወንጀለኛ፣ እስረኛ፣ የቀድሞ ወንጀለኛ እያላችሁ አትጥሩን፣ ሰዎች በሉን ሲል ጠየቀ። በአማርኛችን «የሕግ ታራሚ» የሚለው አጠራር በመንግሥት ቋንቋ ገብቷል፤ በቤት ቋንቋ ግን የታሰረ ሰው ዕድሜ ልኩን «እስረኛው» ተብሎ ይቀራል፤ ልጆቹም «የእስረኛው ልጆች»።

ዶርሲ ነን ደግሞ በ19 ዓመቱ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1981 በአመክሮ ከሳን ኩዊንቲን የወጣ ሰው ነው። በ2003 ከሌሎች የቀድሞ እስረኞች ጋር ኦል ኦፍ አስ ኦር ነን የሚባለውን ንቅናቄ መሠረተ፤ ሁላችንም ወይም ማናችንም ማለት ነው። ሥራ ፈላጊ ቅጽ ሲሞላ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የምትለው ሳጥን ከመጀመሪያው ገጽ ትውጣ የሚለው ዘመቻ የነሱ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ቀጣሪዎች ሕግ አድርጋዋለች። ይህ ከግዳጅ ሥራ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው፣ እስር ቤት ውስጥ ዓሥር ዓመት ለሳንቲም የሠራውን ሥራ ውጭ ሲወጣ በደመወዝ እንዳይሠራው የምትከለክለው ያቺው ሳጥን መሆኗ ነው።

ድምፁ ሲቆጠር

የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ማሻሻል በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ክፍለ ግዛቶችን ስምምነት ይጠይቃል። በ2020 መጨረሻ ሐረጓን ለመሰረዝ ለኮንግረስ የቀረበው ረቂቅ፣ ከዚያ በኋላም ተመልሶ ቢቀርብ፣ እስካሁን አልተሳካለትም። ስለዚህ ዘመቻው በየክፍለ ግዛቱ ሆነ። ኮሎራዶ በ2018 መንገዱን ከፈተች። በ2020 ነብራስካና ዩታ፣ በ2022 አላባማ፣ ኦሪገን፣ ቴነሲና ቬርሞንት ተከተሉ። ከዩታና ከአላባማ ስም እንደሚታየው የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አልነበረም። ሉዊዚያና ውስጥ በዚያው 2022 ሳይሳካ ቀረ፤ ታሪኩ ለየት ያለ ነው። ረቂቁ በምክር ቤት ሲደራደሩበት ቃላቱ ተጠመዘዙና ባርነትን ከልክሎ ወዲያው ለወንጀል ፍትሕ አሠራር የሚያልፍ በር የሚከፍት ሆነ። ሐሳቡን ያመነጨው የምክር ቤት አባል ራሱ ተነሥቶ ሕዝቡ እንዳይደግፈው ጠየቀ። ሌላ «በስተቀር» ሊወለድ ነበር።

በ2024 ኔቫዳ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ አጸደቀች። በዚያው ቀን ጎረቤቷ ካሊፎርኒያ በ53 በመቶ ገደማ ውድቅ አደረገች። ለዘብተኛ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕዝብ እንዴት እምቢ አለ? አንዱ ምክንያት በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል ይመስለኛል። የኔቫዳው ጥያቄ «ባርነት» ይላል፤ አክስቴን ያስቆማቸው እሱ ቃል ነው። የካሊፎርኒያው ግን «ያለ ፈቃድ ማገልገል» ብቻ ይል ነበር፤ ስንቱ መራጭ ምንነቱን ሳይረዳ እንዳለፈው መገመት አይከብድም። ሌላው፣ ሕዝቡ በወንጀል ተማሮ በነበረበት ሰዓት መቅረቡ ነው፤ በዚያው ወረቀት ላይ የስርቆትና የዕፅ ቅጣትን የሚያጠብቅ ሕግ በሰፊ ድምፅ አልፏል።

የኔቫዳው ማለፉን ስነግራቸው አክስቴ፣ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አልሠራም ማለት ይችላሉ?» አሉ። የሚያሳዝነው፣ ነገሩ እንዲህ አይሄድም። ኮሎራዶን እንይ። በ2022 የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሕዝቡ ባርነትን ሲሰርዝ የእስር ቤትን የሥራ ፕሮግራም ለማስቀረት አልነበረም አለ። በዚያው ዓመት እስረኞች፣ አንሠራም ስላልን ለብቻ እንታሰራለን፣ የምንፈታበት ቀን ይራቃል፣ ይህ ተሰረዘ የተባለው ነገር ካልሆነ ምንድን ነው ብለው ሌላ ክስ አቀረቡ። የሕገ መንግሥቱ ቃል ሲለወጥ እስረኛው የሚያገኘው የሚከስበት መሬት ነው። ደመወዙ አይጨምርም፤ የእስር ቤቱ የቅጣት መመሪያም በራሱ አይለወጥም። ቀሪውን በክስና በዝርዝር ሕግ መጎተት ያስፈልጋል።

የአክስቴ ሁለተኛ ጥያቄ

«ሥራ ግን ምን ነውር አለው?» አሉኝ ደግሞ። ወንድማቸው አዲስ አበባ ታስረው በነበሩ ጊዜ ሽመና ተምረው፣ የሸመኑትን እየሸጡ ለልጆቻቸው ደብተር ይገዙ ነበር። የመጨረሻው ጋቢ ዛሬም አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ጥለቱ ትንሽ ጠመም ያለ፣ እጁ ገና ያልለመደ ሰው የሠራው። «ቦዝኖ ከመዋልማ ይሻላል። ሥራው ነው ወንድሜን ያጸናው» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ታስረው የወጡት ታጋዮችም አይክዱም። የካሊፎርኒያ እስረኛ እሳት አጥፊዎችን እንመልከት። ወደ እሳት ማጥፊያ ካምፕ የሚገባው በፈቃዱ ነው፤ ብዙዎቹ ከእስር ዘመናቸው ሁሉ ሰው የሆኑበት ጊዜ ያ እንደነበረ ይናገራሉ። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ከሺህ በላይ እስረኞች እሳቱ ውስጥ ነበሩ። ክፍያቸው በቀን ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር፣ አደጋ ላይ ሲሆኑ በሰዓት አንድ ዶላር ተጨማሪ ነበር። ኩራቱና ብዝበዛው በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። የወንድማቸው ጋቢ ሲሸጥ ገንዘቡ የሳቸው ነበር። አልሸምንም ቢሉ ጨለማ ቤት አይገቡም ነበር። ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግም መስመሩን እዚሁ አካባቢ ነው የሚያሰምረው። የ1930ው የግዳጅ ሥራ ስምምነት፣ በፍርድ የታሰረ ሰው የሚሠራውን ሥራ ከግዳጅ አይቆጥርም፤ ግን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት፣ እስረኛውም ለግል ሰው ወይም ለኩባንያ መከራየት የለበትም ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ተቀብላለች፤ አሜሪካ አልተቀበለችም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18ም ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ከከለከለ በኋላ በእስር ላይ ያለ ሰው እንዲሠራ የሚጠየቀውን የተለመደ ሥራ ከግዳጅ ሥራ ትርጉም ያወጣል። ይህ የኛ ሐረግ ለባርነት ራሱ በር አይከፍትም፤ የአሜሪካው ግን ይከፍታል። ቢሆንም «የተለመደ ሥራ» እስከ የት ነው የሚለውን እኛም ልንጠይቀው የሚገባ ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። በ2022 የካሊፎርኒያ የገንዘብ መሥሪያ ቤት ለእስረኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ቢከፈል በዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊያስወጣ ይችላል ብሎ ገመተ፤ ያን ጊዜ ሐረጓን ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ለመሰረዝ የቀረበው ረቂቅ በክፍለ ግዛቱ ሴኔት ወደቀ። ቁጥሩ እውነት ከሆነ፣ መንግሥት በየዓመቱ ከእስረኛው ኪስ ሲያስቀረው የኖረው ገንዘብ መጠን ነው ብዬ ነው እኔ የማነበው። የወንጀል ተጎጂዎችስ የሚል አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ካሳ የሚከፈለው ከደመወዝ ነው። በሰዓት ከ2 ሳንቲም የሚቆረጥ ካሳ የማንን እንባ ያብሳል? የታሰረው ሰው እናት ግን ለስልክና ለምግብ ከራሷ ደመወዝ ትልካለች።

እሳት አጥፊዎቹ ጋ ልመለስ፤ ከድምፁ በኋላ የሆነው እዚያ ነውና። ብራንደን ስሚዝና ሮያል ራሚ ታስረው ሳለ እሳት ሲያጠፉ የነበሩ ናቸው። ሲወጡ የሚያውቁት ሙያ በመዝገባቸው ምክንያት ተዘጋባቸው፤ እንደነሱ ያሉትን አሠልጥኖ የሚያስቀጥር ድርጅት አቋቋሙ። በ2020 ካምፕ ውስጥ ያገለገሉ ሰዎች መዝገባቸው እንዲሰረዝላቸው ፍርድ ቤት መጠየቅ የሚያስችል ሕግ ወጣ። በኦክቶበር 2025፣ ከሎስ አንጀለስ ቃጠሎ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ አገረ ገዢው እሳት ላይ ለተሰማራ እስረኛ በሰዓት 7.25 ዶላር እንዲከፈል የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ። በእሳቱ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ለሚያበስለው፣ ለሚጠርገው፣ ፎልሰም ታርጋ ለሚያትመው አይደለም። በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንደኛው አንቀጽ፣ ስድስተኛው ክፍል ላይ፣ ያለ ፈቃድ ማገልገል የተከለከለ ነው ይላል፤ ወንጀልን ለመቅጣት ካልሆነ በስተቀር።